አርማ የሚነድፍ ሰው ለማን ይጠየቃል?

አርማ የአንድን ድርጅት፣ ማኅበር ወይም ምርት ማንነት በጥቂት መስመርና ቀለም የሚያሳይ ምልክት ነው። በሱቅ ታፔላ፣ በዱቄት ከረጢት፣ በጠርሙስ፣ በተማሪ የደንብ ልብስና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ትልቁ ጠባዩ ሳይነበብ መታወቁ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት በደባርቅ ገበያ የለመዱትን ሳሙና ከሌላው የሚለዩት በመጠቅለያው ላይ ባለው ምልክት ነው። ሳሙናው የት እንደተሠራ፣ ከምን እንደተሠራ የሚያጣሩበት መንገድ የላቸውም፤ ምልክቱን አምነው ይከፍላሉ። የአርማ ሥራ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያስነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። አርማ ሰው ሊያጣራው በማይችለው ነገር ላይ እምነቱን እንዲጥል ያደርጋል።

በቀድሞው ዘመን ይህን ተግባር ይፈጽም የነበረው ማኅተም ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ማኅተም የአንበሳ ምስል ነበረበት፤ ደብዳቤው የደረሰው ሰው ቃሉ የንጉሡ መሆኑን የሚያረጋግጠው ያንን አይቶ ነበር። ዛሬም ሐሰተኛ ማኅተም ማስቀረጽ በወንጀል ያስጠይቃል። አርማ እንደ ማኅተም ሕጋዊ ሥልጣን ባይኖረውም የሚሸከመው አደራ ከዚያው ወገን ነው። አርማ የሚነድፍ ባለሙያም ለአራት ወገኖች ይጠየቃል፦ ምልክቱን አይቶ ለሚያምነው ሕዝብ፣ ከእርሱ በፊት ለሠራው ሌላ ባለሙያ፣ ምስሉ ከታሪኩና ከእምነቱ ለተወሰደው ማኅበረሰብ፣ በመጨረሻም ሥራውን ላዘዘው ደንበኛ።

ለሕዝብ ያለው የመጀመሪያ ኃላፊነት እውነት ነው። አርማ አንድ ቃል ሳይጽፍ ሊዋሽ ይችላል። በስኳር የተበረዘ ማር በንብና በአበባ ሥዕል ታሽጎ ሲሸጥ፣ ከሌላ አገር የመጣ እህል የሰሜን ተራሮች ምስል ተለጥፎበት ሲቀርብ፣ በመያዣው ላይ አንድም የሐሰት ዓረፍተ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ገዢው ግን ተታልሏል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ስለ ዕቃው ምንነት፣ ጠባይ ወይም ምንጭ ሕዝብን የሚያሳስት ምልክት እንዳይመዘገብ ይከለክላል። ይሁን እንጂ በየከተማው የሚሰቀሉት ታፔላዎችና በየመጠቅለያው የሚታተሙት ምልክቶች ሁሉ ለምዝገባ አይቀርቡም። ለእነዚህ የመጀመሪያው፣ ብዙ ጊዜም ብቸኛው ማጣሪያ ንድፉን የሚሠራው ሰው ነው።

አንዳንድ ምልክቶች ደግሞ ለገዢው የተለየ ቃል ይሰጣሉ። «የጾም» የሚል ምልክት፣ «ሐላል» የሚል ምልክት፣ የጥራት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ከኬሚካል ነፃ መሆንን የሚጠቁም አረንጓዴ ቅጠል ከዚህ ወገን ናቸው። በሁዳዴ የሚጾም ሰው ብስኩቱ ውስጥ ቅቤ መኖር አለመኖሩን በዓይኑ አይለይም፤ ሐላል የሚጠይቅ ሰውም እንስሳው እንዴት እንደታረደ ማየት አይችልም። ስለዚህ ደንበኛው እንዲህ ያለ ምልክት ሲያዝ ባለሙያው ማስረጃውን መጠየቅ አለበት። ማስረጃ ከሌለ ምልክቱ አይሣልም። የመንግሥት ወይም የሃይማኖት ተቋም የሚሰጠውን ማረጋገጫ «እንዲመስል» አድርጎ መሥራትም ከማታለሉ አይለይም፤ ገዢው መምሰልንና መሆንን አይለይምና።

እውነት ከመናገር ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳት አለማድረስ ነው። ለምሳሌ የዋልያን ስም እንውሰድ። ይህ የዱር እንስሳ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በስተቀር በተፈጥሮ የሚኖርበት ቦታ የለም።  ስሙ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን መጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በዚሁ ስም ቢራ ለገበያ ቀረበ፤ ቡድኑንም ስፖንሰር አደረገ። ሕፃን ልጅ በፍቅር የሚጠራው የቡድን ስምና የመጠጥ ስም አንድ ሲሆኑ መጠጡ ወደ ልጁ ልብ የሚገባበት በር ይከፈታል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑም እንዳይሸጥ ደንግጓል። አርማ ግን ማስታወቂያ ከቆመ በኋላም በጠርሙሱ፣ በሣጥኑና በጃንጥላው ላይ ይኖራል። ለመጠጥ ወይም ለሌላ ሱስ አስያዥ ምርት አርማ የሚሠራ ባለሙያ ልጆችን የሚስብ ገጸ ባሕርይና የተማሪ ቤት ምስል ባይጠቀም ሕጉ የቆመለትን ዓላማ ያግዛል።

ለሕዝብ የሚደረግ ጥንቃቄ ለዓይን ምቹ መሆንንም ይጨምራል። ከወንዶች መካከል ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ ትርጉሙ በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ልዩነት ላይ ብቻ የቆመ ምልክት ለእነርሱ ድፍን ነው። ፊደልን ለውበት ሲባል ማጣመምም ልክ አለው። «ለ»ንና «ሰ»ን፣ «ደ»ንና «ጀ»ን የሚለዩት እግርና ቅጥያዎች ከጠፉ አረጋውያን የመድኃኒት ቤቱን ስም ማንበብ ያቅታቸዋል። የአማርኛውን ስም በትንሹ ከታች፣ የእንግሊዝኛውን በትልቁ ከላይ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም፣ አገልግሎቱ ለአካባቢው ሰው ከሆነ ቅድሚያ የሚገባው ሰውየው የሚያነበው ፊደል ነው።

ሁለተኛው ኃላፊነት ለሌላው ባለሙያ ነው፤ ፍሬ ነገሩም አለመቅዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን አዘጋጆች ለ2020ው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የተመረጠውን አርማ ሰርዘዋል። ምክንያቱ አርማው በቤልጅየም ለሚገኘው ለሊዬዥ ቲያትር ከተሠራው ምልክት ጋር ይመሳሰላል የሚል ክስ መቅረቡ ነበር። ጃፓናዊው ባለሙያ አልቀዳሁም ቢልም የሕዝቡ እምነት ከተናጋ በኋላ አርማው ሊተርፍ አልቻለም። ጉዳዩ ለማንኛውም ባለሙያ የሚያስተምረው አለ፦ ሆን ብሎ አለመቅዳት ብቻ አይበቃም፤ ንድፉ ከሌላ ጋር መመሳሰል አለመመሳሰሉን አስቀድሞ መፈተሽም ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የተለየ ክብደት አለው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የታወቁ የውጭ ምግብ ቤቶችን ስም፣ ቀለምና አርማ የሚመስሉ ታፔላዎች ተሰቅለው ታይተዋል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ጠይቃ ብርቱ ክርክር ገጥማለች። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። በዚያ ክርክር የኢትዮጵያ ጥያቄ ቀላልና ፍትሐዊ ነበር፦ ገበሬው በዘመናት ድካም ያስከበረው ስም የራሱ ይሁን፤ ጥቅሙም ይድረሰው። ይህን የጠየቀ አገር የሌላውን ስምና ምልክት ሲያከብር ጥያቄው ይጸናል፤ ሳያከብር ሲቀር ግን የራሱን ክርክር ያዳክማል።

መመሳሰል ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ተራራ ነው። ዳሽን ባንክ በ1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ፤ ዳሽን ቢራ ደግሞ ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ተቋቋመ። ሁለቱም የተራራውን ስም ይዘዋል፤ ሆኖም አንዱ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ሌላው ቢራ ይጠምቃል። ዓለም አቀፉ የኒስ ምደባ ዕቃዎችንና አገልግሎቶችን በ45 መደቦች ይከፍላል፤ ቢራ በ32ኛው፣ የባንክ አገልግሎት በ36ኛው መደብ ይገኛሉ። ባንክ ፈልጎ ቢራ ፋብሪካ የሚገባ ሰው ስለሌለ ስሙን መጋራታቸው ማንንም አያሳስትም። መሠረታዊው መመዘኛ እንግዲህ ይህ ነው፦ ተመልካቹ አንዱን ሌላው ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል ወይ? ባለሙያው ንድፉን ከማስረከቡ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ የተመዘገቡ ምልክቶችን ማስፈተሽ ወይም ደንበኛው እንዲያስፈትሽ መምከር አለበት። በአዋጁ መሠረት በንግድ ምልክት ላይ ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ምዝገባውም ለ7 ዓመት ጸንቶ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

መቅዳት ከአርማው ሥዕል ውጭም ይፈጸማል። የኮምፒውተር ፊደል የሠራው ሰው አለ፤ ሥራውም ፈቃድ አለው። አቢሲኒካንና ኖቶን የመሳሰሉ የግዕዝ ፊደሎች ማንም ሰው በነፃ እንዲጠቀምባቸው ተፈቅደዋል፤ ሌሎች ግን ክፍያ ይጠይቃሉ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ምስልም የራሱ ጥያቄ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ አድርጎ የሚያውቀው በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። መሣሪያው ያወጣውን ምስል እንዳለ ያስረከበ ባለሙያ ለደንበኛው የጠራ መብት ማስተላለፉን እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በምን እንደሠራ በግልጽ መናገር ይገባዋል።

ሦስተኛው ኃላፊነት ለማኅበረሰቡ ነው፤ በጎንደር ከሁሉም የሚከብደውም ይህ ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ያስገነቡት ግንብ፣ ክብ የማዕዘን ማማዎቹና ጥርስ መሰል ክፈፉ ከሩቅ ይለያሉ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው የእግር ኳስ ክለብ ፋሲል ከነማ በንጉሡ ስም ይጠራል፤ ደጋፊው «አፄዎቹ» ይለዋል። ሆቴል፣ አስጎብኚ፣ ፎቶ ቤት፣ ልብስ ስፌት ሁሉ ግንቡን መጠቀም ይወዳል። ግንቡ የሁሉም ስለሆነ ማንም የከተማው ሰው ምስሉን መጠቀሙ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ለብቻ የራስ አድርጎ ሌላውን ለመከልከል መሞከሩ ላይ ነው። ሌላም ችግር አለ። ሁሉም ግንቡን ብቻ ሲሥል እንግዳ ሰው አንዱን ሆቴል ከሌላው መለየት ያቅተዋል፤ ምስሉም ትርጉሙን እያጣ ይሄዳል። ግቢው ውስጥ የዳዊት አዳራሽ፣ የኢያሱ ግንብ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ አሉ፤ ከግቢው ውጭም የቁስቋም ፍርስራሽ፣ የፋሲል መዋኛና የአካባቢው የሽመና ጥለት አሉ። እነዚህን ማጥናት ለቅርሱም ለንግዱም ይበጃል። ግንቡ ሲሣልም በትክክል ይሣል፤ ከውጭ አገር ግንብ ምስል ተወስዶ ከሥሩ «ጎንደር» የሚል የሚጻፍበት ሥዕል ታሪክን ያዛባል።

ቅዱስ የሆነ ምስል ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የመላእክት ፊት በዓለም የታወቀ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የተሠራው ለጸሎት ቤት ነው። አርማ ደግሞ በባሕርዩ ይባዛል፤ በፌስታል፣ በናፕኪን፣ በክዳን ላይ ይታተማል፤ ከዚያም ይጣላል፣ ይረገጣል። ባለሙያው ማሰብ ያለበት ምልክቱ በኮምፒውተሩ ላይ ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይሆን በመጨረሻ የት እንደሚወድቅ ጭምር ነው። በ1915 ዓ.ም. በተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ መለያ ላይ ሰማዕቱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ ይታያል። ምልክቱ ከመቶ ዓመት ወዲህ ተለምዷል። የተለመደ መሆኑ ግን ለአዲስ ሥራ ፈቃድ አይሰጥም፤ ዛሬ መስቀል፣ ታቦት፣ መልአክ ወይም የቁርኣን ጥቅስ በሚጣል ዕቃ ላይ ሊያሳትም የሚያስብ ሰው የሃይማኖቱን አባቶችና አማኞቹን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። መንደሯ የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበረች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። የዳዊት ኮከብ ያለባቸው ታፔላዎችና የሸክላ ቅርጾች ግን ለቱሪስት መሸጫነት ቀርተዋል፤ በታፔላዎቹ ላይም ማኅበረሰቡ ራሱ የማይወደውና ለዘመናት መናቂያ ሆኖ የኖረው መጠሪያ ሲጻፍ ታይቷል። የሄደ ሕዝብ ምልክት ሲወሰድ የሚቃወም ሰው በአጠገብ የለም፤ ኃላፊነቱ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም መጥራት፣ ሸክላውን የሠራውን እጅ በትክክል መግለጽ፣ ታሪኩን ለጌጥ አለማሳነስ ትንሹ ግዴታ ነው።

የግለሰብ መልክም እንዲሁ ይከበራል። ሹሩባ የተሠራች የጎንደር ሴት፣ የታወቀ ድምፃዊ ወይም ሯጭ ፎቶ ለጸጉር ቤትና ለምግብ ቤት ምልክት ሲሆን ይታያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥም ይከለክላል። በስልክ የተነሣ ፎቶን ወደ መስመር ሥዕል መለወጥ ሰውየው እስከታወቀ ድረስ ከፈቃድ ነፃ አያወጣም።

ማንም ነጋዴ እንዳሻው ለአርማነት ሊጠቀምባቸው የማይችል ምልክቶችም አሉ። የመጀመሪያው ቀይ መስቀል ነው። በብዙ ከተሞች መድኃኒት ቤቶችና ክሊኒኮች በነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል ሥለው ይታያሉ። ይህ ምልክት የሕክምና ምልክት አይደለም፤ በጄኔቫ ስምምነቶች የሚጠበቅ፣ በጦርነት ጊዜ «ይህን አትተኩሱበት» የሚል ምልክት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ይጠቀምበታል፤ አላግባብ መጠቀም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ምልክቱ በየሱቁ ከተለመደ ተዋጊው ማክበሩን ይተዋል፤ የሚከፍለውም አምቡላንስ ውስጥ ያለው ቁስለኛ ነው። ጦርነት ባየ አገር ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ክሊኒኩ አረንጓዴ መስቀል ወይም ሌላ ምልክት መጠቀም ይችላል። ሁለተኛው የመንግሥታት ሰንደቅ ዓላማና አርማ ነው፤ የንግድ ምልክት አዋጁ እነዚህ እንዳይመዘገቡ ይከለክላል። ሦስተኛው የዓለም ቅርስ ምልክት ነው። ክብ ውስጥ ካሬ ያለበት ይህ ምልክት የቤልጅጉ ባለሙያ ሚሼል ኦሊፍ ሥራ ሲሆን፣ ቅርሱ አጠገብ የሚገኝ ሆቴል ወይም አስጎብኚ ድርጅት ያለፈቃድ የራሱ አድርጎ ሊለጥፈው አይገባም።

አራተኛው ኃላፊነት ለደንበኛው ነው። አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከአፍ ስምምነት ነው። አርማው ሲያልቅ ደንበኛው የእኔ ነው ይላል፤ ባለሙያውም የእኔ ነው ይላል። በቅጂ መብት አዋጁ መሠረት የኢኮኖሚ መብት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ስለዚህ ከሥራው በፊት አጭር ውል ይጻፍ፦ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ መብቱ መቼ እንደሚተላለፍ፣ ሊታረም የሚችለው ዋናው ፋይል ለማን እንደሚሰጥ ይገለጽ። ገንዘቡን የከፈለን ደንበኛ ዋናውን ፋይል ይዞ በየጊዜው ማስለመን አግባብ አይደለም፤ ያልከፈለ ደንበኛ ለማየት የተላከለትን ናሙና ወስዶ ታፔላ ማሠራቱም እንዲሁ። አንዱ ደንበኛ ያልመረጠውን ንድፍ ለተፎካካሪው መሸጥ የሚፈቀደው ውሉ ከፈቀደ ብቻ ነው። የአንዱን ሆቴል የንግድ ምሥጢር ለሌላው ማውራት ግን በምንም መንገድ አይፈቀድም።

ተቋማት የሚያወጡት የአርማ ውድድርም በፍትሕ መመራት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የዲዛይን ምክር ቤት ባለሙያዎች ያለክፍያ በግምት የሚሠሩበትን አሠራር ይቃወማል። ብዙ ወጣቶች ሳምንታት ደክመው አንዱ ብቻ የሚሸለምበት፣ የሌሎቹም ሥራ ለተቋሙ የሚቀርበት ውድድር ድካማቸውን መንጠቅ ነው። ፍትሐዊ ውድድር ሽልማቱንና ዳኞቹን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ያላሸነፉት ሥራዎች መብትም ለሠሪዎቻቸው እንዲመለስ ያደርጋል።

እነዚህ ኃላፊነቶች በሥራ ላይ የሚውሉት በቅደም ተከተል ነው። ባለሙያው መጀመሪያ የምርቱን እውነት ይጠይቃል፤ ማስረጃ የሚያስፈልገውን በማስረጃ ያረጋግጣል። ቀጥሎ ምስሉ ከማን ሀብትና እምነት እንደሚወሰድ ለይቶ ባለቤቶቹን ያማክራል። ሦስት አራት ንድፍ ሠርቶ ከተመዘገቡና ከታወቁ ምልክቶች ጋር ያነጻጽራል፤ የተከለከሉ ምልክቶች አለመኖራቸውን ያያል። በጥቁርና ነጭ፣ በትንሽ ስቲከርና በትልቅ ታፔላ፣ በወጣትና በአረጋዊ ዓይን ይፈትነዋል። የተጠቀመባቸውን ፊደሎችና ምስሎች ፈቃድ መዝግቦ ከንድፉ ጋር ያስረክባል። ስህተት በኋላ ከተገኘም ለደንበኛው ነግሮ ያርማል።

ደንበኛው ሐሰት እንዲሣልለት ቢጸና ባለሙያው ሥራውን አለመቀበል ይችላል። ገበያው ጠባብ በሆነበት ከተማ ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ሌላው ማተሚያ ቤት ሊሠራው እንደሚችልም ይታወቃል። ስለዚህ ኃላፊነቱ የአንድ ሰው ሸክም ብቻ ሊሆን አይገባም። የማስታወቂያ ሥራ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች የማይሠሩትን ነገር በጋራ ቢስማሙ፣ ሥነ ጥበብና ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ተቋማት የንግድ ምልክትና የቅጂ መብት ሕግን ከሶፍትዌሩ ጋር አብረው ቢያስተምሩ፣ የንግድ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም ስለ ቀይ መስቀልና ስለ አሳሳች ምልክት ለነጋዴው አስቀድመው ቢነግሩ፣ እምቢ የሚል ባለሙያ ብቻውን አይቀርም።